ከቦምቤይ ጕድጓድ እስከ ድሬዳዋ በርሜል፤ የወባ እጭን የማሳደድ ሙያ ታሪክ

ሪቻርድ በርተን የተባለው እንግሊዛዊ ተጓዥ በ1854 ወደ ሐረር ለመግባት በሶማሌ ምድር ሲያልፍ፣ የአገሩ ሰዎች የቢምቢ ንክሻ ቀሣፊ የሆነ ንዳድ ያመጣል ብለው እንደሚያምኑ ሰማ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ ውስጥም ይህን ነገር ሲያነሣ፣ ቢምቢና ንዳድ በአንድ ወራት ስለሚበረቱ ሕዝቡ አንዱን የሌላው ምክንያት አድርጎ ከመቍጠሩ የተወለደ ከንቱ እምነት ሳይሆን አይቀርም ብሎ አለፈው። የዚያ ዘመን የአውሮፓ ሊቃውንት ወባ ከረግረግ በሚነሣ ክፉ አየር ይመጣል ብለው ያስተምሩ ስለ ነበር በርተንን ብቻውን መውቀስ አይገባም፤ ነገር ግን ከብት ጠባቂውና ግመል ነጂው የሚናገሩት እውነት በሊቃውንቱ ደጅ አርባ ሦስት ዓመት ቆሞ መጠበቁ፣ ወደ ፊት የምንተርከውን ነገር ጠባይ አስቀድሞ የሚያመለክት ስለሆነ ከዚሁ መነሣትን መረጥሁ። ታሪኩ ከብዙ አገር የተለቃቀመ ነውና ዘመናቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ጽፌአለሁ።

በእኛም አገር የደጋው ሰው ስለ ቆላ ንዳድ የነበረው ዕውቀት ጥቂት አልነበረም። ነጋዴው ወደ በረሃ ሲወርድ በውኃ ዳር ላለማደር ይጥር፣ ገበሬው በቆላ ያለውን እርሻ ቀን ሲያርስ ውሎ ማታ ወደ ደጋው ይመለስ፣ እመቤቲቱም ሲመሽ ጥንጁትና ወይራ አጭሳ ቤቷን ታጥን ነበር። ከዚህም ሌላ ዓሣ አጥማጁ የብርብራን ፍሬ ወቅጦ ወደ ውኃ በመጣል ዓሣውን ሲያደነዝዝ፣ አጣቢዋም እንዶድ ወቅጣ ልብስ ስታነጻ፣ ዕፀዋት በውኃ ውስጥ በሚኖር ፍጥረት ላይ ሥልጣን እንዳላቸው አባቶቻችንና እናቶቻችን በሥራ ያረጋግጡት ነበር። ይሁን እንጂ ጭሱ የምትበረውን ቢምቢ ያባርራል እንጂ ገና ክንፍ ሳታበቅል በውኃ ያለችውን እጭ አይነካትም፤ ይህችን በውኃ ያለችውን እጭ እየፈለጉ ማጥፋት ራሱን የቻለ ሙያ፣ ሥርዓትና ሹማምንት ያሉት ሥራ ሆኖ የተነሣው በሃያኛው መቶ ዓመት መባቻ ነው።

ፈረንሳዊው ሐኪም ላቬራን በ1880 በአልጄሪያ፣ በቆንስጣንጢና ከተማ፣ ከወባ በሽተኛ ደም ውስጥ ሕይወት ያለውን ጥገኛ ፍጡር በማጕያ መነጽር አየ። ይህ ፍጡር ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍበት መንገድ ግን ሳይታወቅ ቆይቶ፣ በሕንድ ያገለግል የነበረው ሐኪም ሮናልድ ሮስ በኦገስት 20 ቀን 1897 በሴኩንደራባድ ከተማ፣ አኖፌለስ በምትባለው የቢምቢ ወገን ሆድ ዕቃ ላይ የጥገኛውን ምልክት አገኘ፤ በማግሥቱ ዓመት ደግሞ ጣሊያናዊው ግራሲና ባልንጀሮቹ የሰው ወባ በዚህች ወገን እንደሚተላለፍ አረጋገጡ። ከዚያ በኋላ የሊቃውንቱ ዓይን ከአየር ወደ ውኃ ዞረ። ቢምቢ እንቍላሏን የምትጥለው በውኃ ላይ ነው፤ እጩ ከእንቍላሉ ወጥቶ ክንፍ እስኪያበቅል ድረስ በሞቀ አገር አንድ ሳምንት ወይም ጥቂት ቀን ጨምሮ በዚያው ውኃ ይቈያል። ክንፍ ያወጣችዋ ሌሊት በጨለማ ወዴትም ብትበር ማን ይከተላታል? እጩ ግን ከተወለደበት ኵሬ መውጣት አይችልም፤ አየር ለመተንፈስም የግድ ወደ ውኃው ፊት መውጣት አለበት። የአኖፌለስ እጭ ደግሞ እንደ ሌሎቹ ቢምቢዎች እጭ ጭንቅላቱን ወደ ታች ዘቅዝቆ አይንጠለጠልም፤ ከውኃው ፊት ጋር ትይዩ ሆኖ ተጋድሞ፣ በላዩ የሚንሳፈፈውን ደቃቅ ነገር ሁሉ እየለቀመ ይመገባል። ሞቱም የሚመጣው ከዚሁ ጠባዩ ነው፤ ከዚህ በኋላ የተነሡት መድኃኒቶች አብዛኞቹ ወይም ትንፋሹን ለመዝጋት ወይም ምግቡን ለመመረዝ የታሰቡ ናቸውና።

መጀመሪያ የመጣው ዘይት ነው። አሜሪካዊው የነፍሳት ሊቅ ሊላንድ ሃዋርድ ወባና ቢምቢ ገና ሳይገናኙ፣ በ1892፣ ላምባ በኵሬ ላይ ቢፈስ እጩን እንደሚገድል ሞክሮ አሳይቶ ነበር። ሮስ በ1899 ወደ ፍሪታውን ወርዶ፣ ኵሬ የሚያደርቁና ዘይት የሚያፈሱ ሠራተኞችን በጭፍራ ማደራጀት እንደሚገባ ማስተማር ጀመረ፤ በ1902ም የስዊዝ ቦይ ማኅበር ጠርቶት ኢስማዒሊያን ከጐበኘ በኋላ በዚያች ከተማ ለብዙ ዘመን ሠራተኛውን ሲፈጀው የነበረው ወባ ፈጥኖ ወደቀ። በፓናማም ከ1904 እስከ 1914 ቦዩ ሲቈፈር፣ በሐኪሙ ጎርጋስ የበላይነት የሚሠሩት ሰዎች ካርቦሊክ አሲድን ከዛፍ ሙጫና ከኮስቲክ ሶዳ ጋር አፍልተው በሠሩት መርዝ የየጉድባውን ዳር ይረጩ ነበር። ሁለቱ የቦይ አገሮች በሥልጣንና በገንዘብ የታጠሩ ቦታዎች ነበሩ፤ ውኃውም ሠራተኛውም በቦዩ አስተዳዳሪዎች እጅ ስለ ነበረ የሚከራከር አልነበረም። ሙያው በእውነት የተፈተነው ውኃው የሕዝብ በሆነበት፣ ያውም ሕዝቡ በሚያከብረውና በሚጠጣው ውኃ ላይ ነው።

በቦምቤይ የሆነው እንዲህ ነው። በዚያች ታላቅ ወደብ ውስጥ ወባ ሲበረታ ቻርልስ ቤንትሊ የተባለ ሐኪም እንዲመረምር ታዘዘና በ1911 ዘገባውን አቀረበ። በሕንድ ገጠር ረግረጉን የሚወድዱ የቢምቢ ወገኖች ብዙ ሲሆኑ፣ በከተማይቱ መካከል ወባን ይዛ የተገኘችው ግን ሊስተን የተባለው ሊቅ በ1901 ለመጀመሪያ ጊዜ የገለጻት አኖፌለስ ስቴፈንሲ ነበረች። ይህች ቢምቢ ረግረግ አትሻም፤ ሰው ለራሱ ያጠራቀመውን ንጹሕ ውኃ፣ ማለትም ጕድጓዱን፣ የቤት ገንዳውንና በሰገነት ላይ የተቀመጠውን ታንከር ትመርጣለች። ቤንትሊም የከተማይቱ ጕድጓዶች እንዲደፈኑ ወይም እንዲከደኑ መከረ፤ የከተማይቱም ሹማምንት ምክሩን ተቀብለው ትእዛዝ ማውጣት ሲጀምሩ ታላቅ ተቃውሞ ተነሣባቸው። ውኃን እንደ ቅዱስ ፍጥረት የሚያከብሩት፣ ፓርሲ የተባሉት የሃይማኖት ወገኖች ጸሎታቸውን በጕድጓድ አፋፍ ያደርሱ ነበር፤ ከሂንዱዎቹም ብዙዎቹ ለአምልኮታቸው የሚሆነው ውኃ ከጕድጓድ የተቀዳ እንዲሆን ሥርዓታቸው ያስገድዳቸው ነበር።

ይህን ተቃውሞ አንዳንድ ጸሐፊዎች የድንቍርና ሥራ አድርገው ያቀርቡታል፤ እኔ ግን እንዲህ አልመለከተውም። ጠበል ጠዲቁን በምንጭ ዳር የሚያደርስ፣ በጥምቀት ዕለት ታቦቱን አጅቦ ወደ ባሕረ ጥምቀቱ የሚወርድ ሕዝብ ልጅ ስለሆንሁ፣ አንድ ሹም መጥቶ ይህን ውኃ ድፈኑ ቢል ምን እንደሚከተል ለመገመት አይቸግረኝም። ሹማምንቱም በመጨረሻ ከሕዝቡ ጋር ተነጋግረው፣ ለአምልኮ የተለዩት ጕድጓዶች በክዳን ተዘግተው ውኃው በሽቦ ወንፊት በተሠራ በር በኩል እንዲቀዳ የሚያደርግ ስምምነት ላይ ደረሱ፤ ወንፊቱ ቢምቢዋን ይከለክላል፣ ውኃውንም ከአየርና ከብርሃን አይለየውም። ከዘይቱም ከመርዙም ይልቅ ይህች የሽቦ ወንፊት በዚህ ሙያ ታሪክ ውስጥ ትልቅ ቦታ ሊሰጣት ይገባል እላለሁ፤ የውኃውን ባለቤት ሳያዋርዱ እጩን መከልከል እንደሚቻል ያሳየች እርሷ ናትና።

ከጥቂት ዓመት በኋላ ደግሞ በዓለም ሁሉ ስሙ የገነነ ሌላ መሣሪያ መጣ። የፓሪስ አረንጓዴ የሚባለው ዱቄት ከመዳብና ከአርሰኒክ የተቀመመ፣ አስቀድሞ የሥዕልና የግድግዳ ቀለም፣ ኋላም የድንች ተባይ ማጥፊያ የነበረ ብርቱ መርዝ ነው። ባርበርና ሄይን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን በ1921 ይህን ዱቄት ከመቶ አንድ እጅ በማይበልጥ መጠን ከመንገድ አቧራ ጋር ቀላቅለው በነፋስ ወደ ኵሬው ቢለቁት፣ በውኃው ላይ ተንሳፍፎ ሲቀር ተጋድሞ የሚለቅመው የአኖፌለስ እጭ እየበላው እንደሚሞት አሳዩ። ዘይት ለመግዛትና ለመሸከም ከባድ ሲሆን ዱቄቱ ግን እጅግ ቀላል ስለ ነበረ ሙያው ከከተማ ወጥቶ ወደ ሰፊው ገጠር ለመዝለቅ ቻለ።

የዱቄቱ ከፍተኛ ሥራ የተፈጸመው በብራዚል ነው፤ ነገሩም ለእኛ ባዕድ አይደለም። በ1930 ሬይመንድ ሻነን የተባለ የነፍሳት ሊቅ በብራዚል ሰሜን ምሥራቅ በምትገኘው የናታል ከተማ አጠገብ በዚያ አህጉር ታይታ የማታውቅ አፍሪካዊት የወባ ቢምቢ አገኘ። ከዳካር ወደ ናታል በሚመላለሱት ፈጣን የፈረንሳይ መርከቦች ተሳፍራ እንደ ደረሰች ይታመናል። የመጀመሪያው ወረርሽኝ ሲበርድ መንግሥቱ ነገሩን ችላ አለው፤ ቢምቢዋ ግን በዝምታ እየሰፋች ሄዳ በ1938 በሪዮ ግራንዴ ዶ ኖርቴና በሴያራ አውራጃዎች ከመቶ ሺ የሚበልጥ ሰው አሳመመች፣ ከ14,000 በላይም ሰው ገደለች። በዚያን ጊዜ ሊቃውንት አኖፌለስ ጋምቢያ ብለው የጠሯት ይህች ወራሪ፣ በቤተ መዘክር ተጠብቀው የቈዩት ናሙናዎች ከብዙ ዓመት በኋላ በዘር ምርመራ ሲታዩ፣ አኖፌለስ አራቢየንሲስ ሆና ተገኘች፤ ይኸውም በኢትዮጵያ ቆላና ወይና ደጋ ዋና የወባ አስተላላፊ የሆነችው ወገን ራሷ ናት።

በ1939 መባቻ የብራዚል መንግሥትና የሮክፌለር ድርጅት በፍሬድ ሶፐር መሪነት አንድ አገልግሎት አቋቁመው ወደ 4,000 የሚጠጋ ሠራተኛ አሰለፉ። ሶፐር ከመርዙ ይበልጥ ለሥርዓቱ የሚጨነቅ ሰው ነበር፤ ምድሩ ሁሉ በካርታ ተከፋፍሎ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱ ቀበሌ ተሰጠው፣ በየሳምንቱም በቀበሌው ያለውን ኵሬ፣ ምንጭ፣ የከብት ኮቴ የቈፈረውን ጕድጓድ ሳይቀር በጭልፋ እየቀዳ እንዲመረምርና ዱቄቱን እንዲነሰንስ ታዘዘ፤ ተቈጣጣሪው በድንገት ቢመጣ ሠራተኛውን በፕሮግራሙ በተጻፈው ሰዓትና ቦታ ማግኘት ነበረበት። ከወረርሽኙ አገር የሚወጣ መኪና ሁሉ በኬላ ቆሞ በመድኃኒት ይረጭ ነበር። ሊሆን አይችልም የተባለው ነገር ሆነና በ1940 መጨረሻ ቢምቢዋ ከብራዚል ምድር ፈጽማ ጠፋች። ይህችው ወገን በ1942 ከሱዳን አባይን ተከትላ ወደ ላይኛው ግብፅ ወርዳ ከመቶ ሺ በላይ ሰው በፈጀች ጊዜም ሶፐር በዚያው ዱቄትና በዚያው ሥርዓት ሲረዳ፣ በ1945 ከግብፅ ተነቅላ ወጣች። መርዙ ለሠራተኛው ሳንባና ለምድሪቱ ያተረፈው አርሰኒክ ቀላል እንዳልነበር መካድ አይገባም፤ ዱቄቱን እኔ ላመሰግነው አልችልም፣ ጭልፋ ይዞ በየሳምንቱ ወደ ውኃው የተመላለሰውን ሰው ግን አመሰግነዋለሁ።

ግብፅ ከዚህች ቢምቢ ነጻ በወጣችበት ጊዜ ዲዲቲ መጥቶ ነበር። ጳውሎስ ሙለር የተባለው ስዊሳዊ ኬሚስት በ1939 የነፍሳት ገዳይነቱን ያወቀለትና በ1948 የኖቤል ሽልማት የተቀበለበት ይህ መድኃኒት በቤት ግድግዳ ላይ ከተረጨ ለወራት ስለሚቈይ፣ ውኃን ለውኃ መዞር አሮጌ ድካም መሰለ፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በ1955 ወባን ከዓለም ለማጥፋት ሲነሣ ተስፋውን ሁሉ በግድግዳው ላይ ጣለ። ኢትዮጵያ ወደዚህ ዘመቻ የገባችው በመቅሠፍት ተገዳ ነው። በ1958 ዝናቡ ከልማዱ ውጭ በዝቶ፣ ሙቀቱም ጨምሮ ስለ ነበር ወባ ከቆላው ወጥታ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ያለውን፣ ንዳድን የማያውቀውን ሕዝብ መታችው፤ ወደ 250,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በሚደርስ አገር ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው እንደ ታመመና 150,000 ያህልም እንደ ሞተ በኋላ ተገመተ። አዝመራው ደርሶ አጫጅ አጣ፤ በየመንደሩ አስታማሚና ታማሚ አብረው ወደቁ። በማግሥቱ ዓመት ወባን የሚያጠፋ መሥሪያ ቤት ተቋቋመ፤ የረጪዎቹም ጓድ የዲዲቲ ፓምፑን ተሸክሞ ከቤት ወደ ቤት መዞር ጀመረ። ይህ ሥራ ብዙ ነፍስ እንዳዳነ የሚጠራጠር የለም፤ ነገር ግን በአንድ ትውልድ ውስጥ ቢምቢዎቹ መድኃኒቱን ለመዱት፣ የዓለሙ ዘመቻም በ1969 ዓላማውን ለወጠ።

ከዚህ በኋላ ዓይን እንደገና ወደ ውኃው ተመለሰ። ቀደም ብሎ በ1964 ወጣቱ ሊቅ አክሊሉ ለማ በዐድዋ ቢልሃርዝያ የሚባለውን ደዌ የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ ሲያጠና፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው ሲንሳፈፉ አይቶ፣ የእናቶቻችን ዕውቀት ወደ ቤተ ሙከራ የሚገባበትን በር ከፈተ፤ ለዚህም ሥራ ከባልደረባው ከለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን የክብር ሽልማት ተቀብሏል። በ1976 በእስራኤል የኔጌቭ በረሃ፣ እጮቹ በብዛት ከሞቱበት ኵሬ አፈር፣ እጭን የሚገድል እንደ ዱቄት የሚነሰነስ ባክቴሪያ ተገኘ፤ ለሌላ ፍጥረት ጕዳቱ እጅግ ጥቂት ስለሆነ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። በአሰብ ወደብም ሊቃውንት የባሕር ዳሩን ተወላጅ ትንሽ ዓሣ በውኃ ማጠራቀሚያ ውስጥ ለቀው እጩን ሲበላ ያሳዩበት ሙከራ በ1992 ታትሟል።

እንግዲህ በዚህ ተርታ የመጨረሻው መጤ ብር ነው። ብር ውኃን ከመበላሸት እንደሚጠብቅ የጥንት ሰዎች ያውቁ ነበር፤ ሄሮዶቱስ የፋርስ ንጉሥ ቂሮስ ሲዘምት የሚጠጣው ውኃ ተፈልቶ በብር ዕቃ ይጫንለት እንደ ነበር ጽፏል፤ በአሥራ ዘጠነኛውም መቶ ዓመት ጀርመናዊው ሐኪም ክሬዴ በተወለዱ ሕፃናት ዓይን የብር ናይትሬት ጠብታ እያደረገ ከዕውርነት አድኗቸዋል። በዘመናችን የታየው አዲስ ነገር ብሩን እጅግ አድቅቆ፣ ከአንድ ሚሊሜትር በአሥር ሺ እጅና ከዚያም በታች ያነሰ ቅንጣት አድርጎ መሥራት ነው፤ ብረት ሁሉ ወደዚህ ረቂቅነት ሲደርስ ከክብደቱ ይልቅ ፊቱ ስለሚበዛ ጠባዩ ይለወጣል፣ ቀለሙም እንኳ ሌላ ይሆናል። ይህን ቅንጣት ናኖ ይሉታል። ኬሚስቶች ቀድሞ የሚሠሩት በብርቱ ኬሚካል ሲሆን፣ በሕንድ ፑኔ ከተማ በብሔራዊው የኬሚስትሪ ቤተ ሙከራ የሙራሊ ሳስትሪ ባልደረቦች በ2003 በጄራንየም ቅጠል፣ በ2004 ደግሞ በኒም ቅጠል ጭማቂ ብቻ ሊሠራ እንደሚችል አሳዩ።

አሠራሩ ቀላል በመሆኑ ልብን ይማርካል። ቅጠሉ ታጥቦ፣ ተከትፎ በውኃ ይፈላና ይጣራል፤ ጭማቂውም እጅግ በቀጠነ የብር ናይትሬት ውኃ ላይ ይጨመራል። ጥርት ያለው ውኃ በደቂቃዎች ወይም በሰዓታት ውስጥ ወደ ቢጫ፣ ከዚያም ወደ ጠይም ቡናማ ይለወጣል፤ በቅጠሉ ያሉት ንጥረ ነገሮች በውኃው የሟሟውን ብር ወደ ቅንጣት መልሰው፣ ቅንጣቶቹም እርስ በርሳቸው እንዳይጣበቁ በላያቸው ይለበጡባቸዋል። ከ2010 ገደማ ጀምሮ በደቡብ ሕንድ፣ በተለይም በታሚል ናዱ ያሉ መምህራን ይህን የቅጠልና የብር ድብልቅ በቢምቢ እጭ ላይ መሞከር ያዙ፤ ሃያ ወይም ሃያ አምስት እጭ ባለበት ገንዳ ጨምረው በማግሥቱ የሞተውን ይቈጥራሉ። በእጃቸው ያለውን ዕፅ ሁሉ፣ ከመንገድ ዳር አረም እስከ ሎተስ ቅጠል ድረስ ሞከሩ፤ ብሩ ሲጨመርበት ቅጠሉ ብቻውን ከሚገድለው ይልቅ አብልጦ እንደሚገድልም አገኙ። የአያቶቹ ቅጠልና የነገሥታቱ ማዕድን በአንድ ብርጭቆ ተገናኝተው ለድሃ አገር በድሃ አገር ሊቃውንት እጅ መድኃኒት ሊሆኑ መሞከራቸው እኔን በእውነት ደስ ያሰኘኛል። ከሞከሩባቸውም እጮች መካከል ደጋግማ የምትጠቀሰው ያችው የቦምቤይ ጕድጓድ ነዋሪ፣ አኖፌለስ ስቴፈንሲ ናት።

ይህችም ቢምቢ ዛሬ የሕንድ ብቻ አይደለችም። በ2012 በጅቡቲ ታየች፤ በ2016 በሶማሌ ክልል በቀብሪደሃር ተገኘች፤ ከዚያም በምሥራቅ ኢትዮጵያ ከተሞች እየተስፋፋች ሄደች። በ2022፣ ዝናብ በሌለበት በበጋው ወራት፣ በድሬዳዋ ወባ ሲነሣ መርማሪዎች የበሽተኞቹን ሰፈር አስሰው እጯንና ቢምቢዋን አገኙ፤ የወባው ጥገኛም በውስጧ ተገኘ። የእኛ ወባ እስከ አሁን የዝናብና የገጠር ደዌ ነበር፤ ይህች ግን የከተማ ናት፣ የበጋም ናት። ቧንቧው በየቀኑ በማይመጣበት ሰፈር ባለቤቲቱ በበርሜል፣ በሮቶ፣ በሲሚንቶ ገንዳ የምታጠራቅመው ውኃ፣ ሕንፃ የሚሠራውም ሰው ለሲሚንቶ ማቡኪያ የሚያቈየው ጕድጓድ ማደሪያዋ ሆኗል።

ስለዚህ ብሩ ለዚህ በርሜል ይሆናል ወይ የሚለው ጥያቄ ከቤተ ሙከራ ገንዳ ወጥቶ በድሬዳዋ ቤት መታየት አለበት። በብዙዎቹ ጥናቶች ከእጩ ግማሹን ለመግደል የተገኘው መጠን በአንድ ሊትር ውኃ ከጥቂት ሚሊግራም እስከ ጥቂት አሥር ሚሊግራም ነው። አሥሩን ብንወስድ፣ ሁለት መቶ ሊትር ለሚይዝ አንድ በርሜል ሁለት ግራም ብር ይሻል፤ ሃያ ሦስት ግራም ያህል ንጹሕ ብር ያለው አንድ የማርትሬዛ ጠገራ ብር ቢቀልጥ ከአሥራ አንድ በርሜል አያልፍም፣ ያውም ግማሹን እጭ ለመግደል ብቻ። የዓለም ጤና ድርጅት ለጠጪው ጕዳት የለውም የሚለው የብር መጠን ደግሞ በሊትር እስከ 0.1 ሚሊግራም ሲሆን፣ አሥር ሚሊግራም የዚህ መቶ እጥፍ ነው፤ በአንጻሩ ተሜፎስ የሚባለው መድኃኒት በመጠጥ ውኃ እስከ አንድ ሚሊግራም እንዲጨመር ተፈቅዶ ለብዙ ዓመት ተሠርቶበታል። ብር ወደ ወንዝና ወደ ኵሬ ቢፈስም ለዓሣና ለደቃቅ የውኃ ፍጥረት ብርቱ መርዝ ነው። እነዚያ የታሚል ናዱ ሊቃውንት ያገኙት ዕውቀት በዚህ ምክንያት ዋጋ የለውም አልልም፤ ሰው ለማይጠጣው፣ ዓሣም ለማይኖርበት ውኃ፣ ለግንባታው ጕድጓድ፣ በአሮጌ ጎማ ውስጥ ላለ ውኃ መጠኑ ተቀንሶ ሊጠና ይችላል። የብሩ ቅንጣት በውኃ ውስጥ ስንት ቀን ኃይሉን ጠብቆ እንደሚቈይ፣ እጩስ ከስንት ትውልድ በኋላ እንደሚለምደው የሚነግሩን ጥናቶች ግን ከገዳይነቱ ጥናቶች ይልቅ እጅግ ጥቂት ናቸው፤ ወጣቶቻችን ለመመረቂያ ጽሑፋቸው ሌላ አዲስ ቅጠል ከመፈለግ ይልቅ እነዚህን ጥያቄዎች ቢይዙ እወድዳለሁ።

ቦምቤይ፣ ዛሬ ሙምባይ የምትባለው፣ እስከ ዛሬ ድረስ ስቴፈንሲን አልጨረሰቻትም። የከተማይቱ ማዘጋጃ ቤት በየሕንፃው ሰገነት ላይ ያለው ታንከር ቢምቢ የማታልፍበት ጥብቅ ክዳን እንዲኖረው፣ ተቈጣጣሪውም ወጥቶ የሚያይበት መሰላል እንዲዘጋጅለት ያስገድዳል፤ እምቢ ያለውን ባለቤት ይከስሳል። በድሬዳዋና በቀብሪደሃር የጤና ሠራተኞች በየግቢው እየዞሩ ክዳን እንዲደረግ ሲመክሩና በጭልፋ ሲፈትሹ፣ የሚንኳኳው በር የባለቤቲቱ፣ የሚቀዳውም ውኃ ልጆቿ የሚጠጡት ነውና፣ አስቀድመው ከእርሷ ጋር መነጋገር አለባቸው።